ዩሮቪዥንን ከደሴ ሆኖ መከታተል፦ ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩ

ሚያዝያ ሲጋመስ ጥያቄው ይበዛብኛል። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ልብስ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ ሜትሩ አንገቴ ላይ እያለ «ዘንድሮስ ማን ይበላል?» ይለኛል። ዩሮቪዥንን ነው፤ በዓመት አንዴ በአብዛኛው የአውሮፓ አገሮች አንድ አንድ ዘፈን ይዘው የሚወዳደሩበትን። 2012 ባኩ ላይ ዘፋኟ ሎሪን ለስዊድን ስታሸንፍ በአጋጣሚ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አላመለጠኝም። 2020 በኮሮና ውድድሩ ራሱ ተሰረዘ፤ እሱ የኔ ጥፋት አይደለም። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ ነው። ከሰሞኑ የተጠየቅኩትን እነሆ።

«እታለም፣ በስንት ሰዓት ነው? በየትስ ይታያል?» (ከሸዋ በር)

ግማሽ ፍጻሜዎቹ ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው፤ ፍጻሜው ቅዳሜ። በኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ላይ ይጀምርና ፍጻሜው ሌሊት 8 አካባቢ ያልቃል። በውድድሩ የዩቲዩብ ቻናል በቀጥታ ታገኚዋለሽ። ጥራቱን ዝቅ አድርጊው፤ ዳታሽ ለነጥብ ቆጠራው ይቆይልሽ። 2016 ላይ ዘፈኑን ሁሉ በጥሩ ጥራት አይቼ፣ ቆጠራው ሊያልቅ ሲል ዳታዬ አለቀ። ማን እንዳሸነፈ ያወቅኩት እሁድ ጠዋት ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«አሸናፊው ስንት ብር ያገኛል?» (የእህቴ ልጅ)

ምንም። የብርጭቆ ማይክ ይሰጠዋል፣ አለቀ። አገሩ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ውድድር ታዘጋጃለች። 2024 ማልሞ ላይ ዋንጫው እዚያው መድረክ ላይ ከስዊዘርላንዱ ኔሞ እጅ ተሰበረ፤ ሌላ ሰጡ።

«ዳኞች አንደኛ ያሉት አንዳንዴ ይሸነፋል። ሁሌ ግራ ይገባኛል።» (ከሆጤ)

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ የውድድሩ ጣም ያለው እዚህ ነው።

እያንዳንዱ አገር ሁለት ጊዜ ነጥብ ይሰጣል። አንዴ በሙዚቃ ባለሙያ ዳኞቹ፣ አንዴ በተመልካቹ። ሁለቱም ለአሥር አሥር ዘፈን ይሰጣሉ። ለአንደኛው 12፣ ለሁለተኛው 10፣ ከዚያ 8፣ 7 እያለ እስከ 1 ይወርዳል። 11 እና 9 የሉም። ለራስ አገር መስጠት ክልክል ነው። ለጎረቤት መስጠት ግን አይከለከልም፤ ግሪክና ቆጵሮስ 12 ሲለዋወጡ አዳራሹ ይጮህባቸዋል።

የዳኞቹ በየአገሩ ይነበባል። የሕዝቡ ግን ተደምሮ ነው የሚመጣው፤ ከዳኞች ዘንድ መጨረሻ ከወጣው ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል። እና ዳኞች አንደኛ ያደረጉት ሰው፣ የሁሉም ተነቦ እስኪያልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ፍርዱን ይጠብቃል። ያቺን ደቂቃ ነው የምወዳት።

2023 ሊቨርፑልን ውሰድ። ሎሪን ተመልሳ መጥታ ከዳኞች 340 አገኘች። የፊንላንዱ ካሪያ ከሕዝቡ 376 አመጣ፤ ጉድ ነው! ግን ከዳኞች የነበረው 150 ብቻ ነው፤ ድምሩ 526። ደብተሬ ላይ ቶሎ ቀነስኩ፤ ሎሪን 187 ይበቃታል። 243 መጣላት፣ በ583 በላች። እኔ ቤት ሊያይ ከተሰበሰበው ግማሹ ተናዶ ወጣ። የኔው የ2016ቱ ደግሞ ይብሳል። ዳኞቹ አንደኛ ያሉት አውስትራሊያን ነው፣ ሕዝቡ ሩሲያን። የዩክሬኗ ጀማላ በሁለቱም ሁለተኛ ሆና በድምር 534 አመጣችና አሸነፈች። ሁለቱንም ወገን ሳታስቀይም የምታልፍ ሰው እንደዚህ ናት።

«ኢትዮጵያ ለምን አትገባም? አውስትራሊያስ አውሮፓ ናት እንዴ?» (ከኮምቦልቻ)

የሚወዳደሩት የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት አባል ጣቢያዎች ናቸው። አባልነቱም ከአህጉር ይልቅ በብሮድካስት ክልል ነው የሚሄደው፤ ክልሉ ሰሜን አፍሪካን ይነካል፣ እኛ ጋ አይደርስም። ለዚህ ነው ሞሮኮ መግባት የቻለችው። አንድ ጊዜ ብቻ ሞከረች፣ 1980 ላይ፣ በሳሚራ ሰዒድ። ከጣሊያን 7 ነጥብ አገኘች፣ ከሌላ ከማንም ምንም። ደግማ አልመጣችም። አውስትራሊያ ከ2015 ጀምሮ በግብዣ ነው የምትወዳደረው።

«የኛ ልጅ ዘፍና ታውቃለች ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» (ስሜን አትጥሪ ያሉኝ)

ኤደን አለነ። ኢየሩሳሌም የተወለደች፣ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ። ለ2020 እስራኤልን ወክላ የተመረጠችበት ዘፈን ርዕሱ «ፍቅር ልቤ» ነበር፤ ውስጡም አማርኛ አለበት። አማርኛ እዚያ መድረክ ላይ ሊወጣ ነው ብዬ ስንት ቀን ጮቤ ረገጥኩ፤ በመጋቢት ወር ተሰረዘ። በ2021 ሮተርዳም በሌላ ዘፈን፣ በእንግሊዝኛ መጣች። ፍጻሜ ገብታ 17ኛ ወጣች። መጨረሻ ላይ የለቀቀችው ቀጭን ድምፅ የጎረቤት ውሻ ቀስቅሷል።

በዚያው ምሽት ሳን ማሪኖን የወከለችው ሰንሂትም ቦሎኛ የተወለደች፣ ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው። የዚያን ቀን ደብተሬ ላይ ሁለቱን በቀይ ነው ያሰመርኳቸው። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ደብተሩን ጥለን ወጣን። ስንመለስ ወለል ላይ አገኘሁት፤ ሽፋኑ የለም፣ ቀዩ መስመር አለ።

«ልጄ፣ የኛ አምባሰል እያለ የፈረንጅ ጩኸት ምን ያደርግልሻል?» (አንድ አባት፣ ኮት ሊያስጠብቡ መጥተው)

አባባ፣ አምባሰልን ትቼ አይደለም። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከወሎ አገር የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው፤ ማሪቱ ለገሰን የሰማ ጆሮ በቀላሉ አይታለልም። እንደውም በዚህ ጆሮ ስለምሰማ ነው የምወደው። ከሃያ ምናምን ዘፈን አሥራ አምስቱ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ይመስላል፤ እንግሊዝኛ፣ ጭስ፣ ነፋስ ማራገቢያ። ከዚያ አንዱ የአገሩን ነገር ይዞ ይመጣል።

2017 ኪየቭ ላይ ፖርቱጋላዊው ሳልቫዶር ሶብራል ብቻውን ቆመ። ዳንሰኛ የለ፣ እሳት የለ። እህቱ የጻፈችለትን ዘፈን በፖርቱጋልኛ አንጎራጎረው። ዳኞችም ሕዝቡም አንደኛ አሉት፣ 758 ነጥብ። ፖርቱጋል ከ1964 ጀምራ ስትመላለስ አንድም ጊዜ አሸንፋ አታውቅም ነበር። አንድ ቃል ሳይገባኝ አለቀስኩ። ትዝታ ነው አባባ፣ የነሱ ትዝታ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ዘፈን ከሦስት ደቂቃ ማለፍ አይችልም። በሦስት ደቂቃ የኛ ሰው መሰንቆውን ቃኝቶ አይጨርስም።

«ፖለቲካ ነው ይባላል።» (ብዙዎች)

አዘጋጆቹ አይደለም ይላሉ። ሩሲያ 2022 ላይ ታገደች። የእስራኤል መሳተፍ ደግሞ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቶ፣ ለ2026ቱ ስፔን፣ አየርላንድ፣ ኔዘርላንድስ፣ ስሎቬኒያና አይስላንድ ወጥተናል አሉ። እኔ ቤት ግን ቆጠራው እስኪያልቅ ይህ ወሬ አይነሳም፤ አንድ ዓመት ተነስቶ ቡናው ቀዝቅዟል።

«ከዚህ ሆኜ ድምፅ መስጠት እችላለሁ?» (ተማሪ)

ከ2023 ጀምሮ ከተወዳዳሪ አገሮች ውጭ ያለን ሁሉ በኢንተርኔት መስጠት እንችላለን፤ ተደምረን እንደ አንድ አገር እንቆጠራለን። ግን በክፍያ ነው፣ ካርድ ይጠይቃል፤ የኛ ካርድ እዚያ ላይ አስቸጋሪ ነው። እኔ ጀርመን ያለ ዘመዴን እለምነዋለሁ። እሱ ደግሞ ለራሱ ምርጫ ሰጥቶ «ላንቺ ሰጠሁ» ይለኛል።

«ቅዳሜ ልምጣ? ከኮምቦልቻ ነኝ።» (ያችው የኮምቦልቻዋ)

ነይ እህቴ። ዘጠኝ ነን፣ አሥረኛ ትሆኛለሽ። አቦሉ ዘፈኑ ሲጀመር ነው፣ በረካው ነጥብ ቆጠራ ላይ። ደብተርና እስክሪብቶ እኔ ጋ አለ። ሲያልቅ መኪና ስለማይኖር እዚሁ ታድሪያለሽ። ጋቢ ግን ከቤትሽ ያዢ፤ የጦሳ ብርድ እንደ ኮምቦልቻ አይደለም፣ ያለው ጋቢም ለዘጠኛችን አልበቃ ብሏል።