ለዕለት ጉዞ የሚሆን የብስክሌት ጎማ

ጥያቄ፦ በኮርሳ ብስክሌት ሥራ እመላለሳለሁ። ባለ 23 ሚሊ ሜትር ጎማዬ ቶሎ ቶሎ ይበሳል። ብዙ ሳላወጣ ፈጣንም ጠንካራም ጎማ የቱ ነው?

መልስ፦ ስፋቱን ወደ 28 ያሳድጉ። ሰፊ ጎማ ብዙ አየር ስለሚይዝ ጉድጓድ ሲመታ ከመነዳሪው (የውስጡ ላስቲክ) በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጥጦ የመበሳቱ ዕድል ይቀንሳል፤ ባነሰ ነፋስ ስለሚሠራም ሸካራ አስፋልት ላይ አይጎትትም። ከመግዛትዎ በፊት ግን ጎማው ከፍሬኑና ከሹካው ጋር 4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንደሚተርፈው ይለኩ። ቸርኬዎ የተለመደው 700 ከሆነ፣ ጎማው ጎን ላይ 28-622 የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ።

ከላስቲኩ ሥር መበሳትን የሚከላከል ስስ ንጣፍ ያለው ይበቃል፤ በጣም ወፍራሙ ይከብዳል፣ ፍጥነትም ይበላል። ጥርስ ለአስፋልት አያስፈልግም። ጠርዙ ሽቦ የሆነው ከሚታጠፈው ይረክሳል፣ ትንሽ ቢከብድም።

ክብደትዎ 70 ኪሎ ገደማ ከሆነ ከኋላ 75፣ ከፊት 70 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይንፉ። የኋላው ቀድሞ ያልቃል፤ ያኔ የፊቱን ወደ ኋላ አዙረው አዲሱን ፊት ይግጠሙ።