የበዓል እረፍት በሸራ ጀልባ ላይ፦ ጠዋት የሚያንጠባጥበው ውሃ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የብርዱን ወቅት የበዓል እረፍት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በሸራ ጀልባችን ላይ ልናሳልፍ አስበናል። ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ውስጥ ታስራ ነው የምንቆየው። ለሙከራ አንድ ሌሊት አድረን ነበር፤ ጠዋት ግድግዳው ውሃ ያንጠባጥባል፣ ፍራሹም ከሥሩ ረጥቧል። ጀልባዋ ታፈሳለች ማለት ነው? መስኮቱን ሁሉ ዘግተን በምግብ ማብሰያው ጋዝ ብናሞቃትስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። በማብሰያው ጋዝ አታሙቁ፣ መስኮት ዘግታችሁማ በጭራሽ። እሳቱ በቂ አየር ሲያጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ሲጀምር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ስለሆነ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ባሕሩ ያመመው ይመስለዋል። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ገዝታችሁ መኝታችሁ አጠገብ ስቀሉ። እናንተ ምንም ባታነዱም ከጎረቤት ጀልባ ጀነሬተር የሚወጣው ጭስ ሊገባባችሁ ይችላል።

ውሃው ግን በአብዛኛው ከራሳችሁ የመጣ ነው። አራት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፣ ማታ ምግብ በስሏል፣ የረጠበ ጃኬት ውስጥ ተሰቅሏል፤ ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ጋዙም ራሱ ሲነድ ውሃ ይፈጥራል፤ 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። በጋዝ ባሞቃችሁ ቁጥር እርጥበቱን እየጨመራችሁ ነው።

እና ምን ይሻላል? ብርድ ቢሆንም ከፊትና ከኋላ ትንሽ ትንሽ ከፍታችሁ አየር ይዙር። ሲበስል ድስቱን ክደኑ፣ የረጠበ ልብስ ውስጥ አታስገቡ። ፍራሹን በቀጥታ ጣውላው ላይ አታድርጉት፤ ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ ነገር ይነጠፍ፣ ጠዋት ጠዋትም አንሱት፣ አለዚያ ይሻግታል። ለማሞቂያ የእኔ ምርጫ በናፍጣ የሚሠራው፣ አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ነው፤ ባለሙያ ይግጠመው። ከማሪናው መብራት ካላችሁ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና እርጥበት የሚመጥ ማሽን በጣም ያግዛሉ፣ ግን ሶኬቱንና ገመዱን በየጊዜው ዳስሷቸው፤ የሚግል ከሆነ ወዲያው ንቀሉት። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም አንድ ቦታ ብቻ ለይቶ የሚረጥብ ከሆነ፣ ያኔ የመስኮቱን ጎማና ጣሪያው ላይ የታሰሩትን ብሎኖች ፈትሹ።

አልጠየቃችሁኝም፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሰጋኝ ማታ ከጀልባ ወደ መሬት የምትሻገሩበት መተላለፊያ ነው። በረዶ ሲይዘው ያንሸራትታል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ደግሞ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ዋና ቻለም አልቻለም ያው ነው። ልጆቹ ጀልባው ቆሞም ቢሆን ውጭ ሲወጡ ተንሳፋፊ ጃኬት ይልበሱ፣ እናንተም ማታ ብቻችሁን ስትሻገሩ ልበሱ። መሰላሉንም ውሃ ውስጥ ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊያወርደው መቻሉን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ እኛ ብርዱን ሸሽተን በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ካሪቢያን ደሴቶች ሄደን ጀልባ ልንከራይ ነው። ወቅቱ ደህና ነው?

መልስ፦ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ስለዚህ በዚያ በኩል አልፏል። ሆኖም ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ቋሚ ነፋስ ልክ በበዓሉ ሰሞን ይበረታል፤ አንዳንዴ ለቀናት ከ25 ኖት (በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ያህል) በላይ ይነፍሳል። ልምዳችሁ ትንሽ ከሆነ በየቀኑ አጭር መንገድ ያዙ፣ መልህቅ የምትጥሉትም ደሴቱ ነፋሱን በሚከልልበት በምዕራብ በኩል ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ቦታው ሳይሞላ ድረሱ።