ገዳዩ ተያዘ ወይ?

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት አስቆሙኝና የዘጠነኛ ክፍል ልጃቸው በስልኩ የወንጀል ልብወለድ ሲያነብ ሌሊቱን እንደሚያጋምስ ነገሩኝ። ታሪኩ የግድያና የምርመራ ነው። «መምህር፣ ለክርስቲያን ልጅ ይኼ ይገባል? ልከልክለው ወይስ ልተወው?» ሲሉ ልጁ ከአጠገባቸው ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። መጽሐፉን ሳላነብ ፍርድ እንደማልሰጥ ነግሬያቸው፣ ልጁ በቴሌግራም እንዲልክልኝ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ገባ፤ እነሆ ለእናንተ ለሁላችሁም እንድጽፍ ያስገደደኝ እሱ ነው።

የብልግና ትዕይንት የሞላበትን መጽሐፍ ስለ መተው እዚህ አልጽፍም። ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ዓመት የቆየ ልጅ ይህን ያውቀዋል፤ የማያውቀውም ከእኔ ደብዳቤ አይማረውም። የሚያስቸግረው ነውር የሌለበት፣ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ወይም የተተረጎመ፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሰው የሚገደልበት መጽሐፍ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቻችን በአብዛኛው ከገጠር መጥተው ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቃቸውን ሊያመጡ በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። የዚያን አገር ብርድ የማያውቅ ሰው ለማመን ይከብደዋል፤ ማለዳ ክፍል ስገባ ግማሾቹ የበግ ጠጉር ዝተት እንደ ለበሱ ተቀምጠው ጣታቸውን በእስትንፋሳቸው እያሞቁ ነበር የሚጽፉት። ዛሬ ክፍሉ ሞቆ፣ መብራቱ በርቶ፣ አንድ ገጽ ማንበብ የሚደክመው ልጅ ሳይ የሚሰማኝን ብጽፈው ቅር ትሰኛላችሁና ልተወው።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ዝምተኛ፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚመልስ፣ የእጅ ጽሑፉ ግን የድጓ ጸሐፊ የሚያስመስለው ልጅ ነው። አባቱ በድንበር ጠብ በጥይት እንደ ተገደሉ፣ ገዳዩም ሳይያዝ ከአገር እንደ ጠፋ ሁላችንም ሰምተናል። በዚያ አካባቢ ይህ ለአንድ ወንድ ልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ የሰሜን ሸዋ ልጆች ሳትሰሙ አላደጋችሁም። ለቅሶ ላይ አልቃሿ የሟቹን ጀግንነት ስታወርድ ዓይኗ ልጁ ላይ ነው። እሱም አድጎ ደሙን ካልመለሰ «አመልማሎ ይዘህ ፍተል» የሚለው ዘመድ አያጣም።

ይህ ልጅ ከየት እንዳገኘው የማላውቀውን አንድ የትርጉም ልብወለድ ደብተሩ ውስጥ ደብቆ ያነብ ነበር። የውጭ አገር መርማሪ ፖሊስ ታሪክ ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ ተለብጧል። አንድ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ መምህር በፈተና ሰሞን ያዘበት። በማግስቱም ሰንደቅ ዓላማ ሊሰቀል በተሰለፍንበት ልጁን ወደ ፊት አውጥቶ፣ መጽሐፉን «የወሮበላ ማሠልጠኛ» ብሎ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ቀዳደደው። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጾም የማይገድፍ፣ ለድሀ ተማሪ ከደመወዙ ደብተር የሚገዛ ሰው ነበር። ከመጽሐፉ ግን አንድ ገጽ እንኳ አላነበበም።

ልጁ አላለቀሰም። ከሰዓት በኋላ ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጣና «መምህር፣ ያንን መጽሐፍ ያውቁታል?» አለኝ። እንደማላውቀው ስነግረው ጥቂት ቆይቶ «ገዳዩ ተያዘ ወይ? እዚያ ሳልደርስ ነው የተቀደደው» አለ።

ልጆቼ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከተማሪ ብዙ ጥያቄ ቀርቦልኛል፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። ያ ልጅ በወሮበላነት ሊሠለጥን አልነበረም ያነበበው። የአባቱ ገዳይ ሳይያዝ ለቀረ ልጅ ገዳይን ዱካ በዱካ የሚከተል፣ ሌሎች ሲረሱ የማይረሳ ሰው ያለበት ታሪክ ምን ያህል የሚጓጓለት ነገር እንደ ሆነ አስቡት። ፍርድ በምድር ላይ አንድ ቦታ፣ በወረቀት ላይም ቢሆን፣ ሲፈጸም ለማየት ነበር የፈለገው። መጽሐፉን ፈልጌ መጨረሻውን እንደምነግረው ቃል ገባሁለት።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ወርጄ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ አገኘሁት። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ገዳዩ ይያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ግን አይሄድም። የሟቹ ወዳጅ የሆነው መርማሪ ሕጉ እንደማይበቃ ለራሱ ነግሮ በገዛ እጁ ይገድለውና ሲጋራውን ለኩሶ ይሄዳል፤ ደራሲውም አንባቢው እፎይ እንዲል አድርጎ ይዘጋዋል። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ለዚያ ልጅ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ሳስብ አደርኩ። ልዋሸው? «ተያዘ» ብዬ ልተወው? ወይስ እውነቱን ነግሬው ሐዋርያው «በቀል የእኔ ነው፥ እኔ ብድራቱን እመልሳለሁ ይላል ጌታ» ያለውን ላክልበት? መልሱን ሳላገኝ መስከረም ጠባ፤ ልጁ ግን ለምዝገባ አልመጣም። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የቀን ሥራ ጀምሯል ያለኝ አለ፤ ጠመንጃ ይዟል ያለኝም አለ። እርግጡን ዛሬም አላውቅም። መቆጨቱን ይቆጨኛል፤ መጨረሻውን ሳይሰማ በመቅረቱ ይሁን፣ ወይስ ያንን መጨረሻ ከእኔ ሌላ ሰው ነግሮት ይሆናል ብዬ፣ እሱን መለየት አልቻልኩም። መጽሐፉን በቀደደው መምህር መፍረድም ያቅተኛል፤ ምክንያቱ ስሕተት ነበር፣ መጽሐፉ ግን ለዚያ ልጅ በእርግጥ አደገኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ይህ ልብወለድ ለወጣት ይሆናል?» ሲባል ደሙን መቁጠር ትቻለሁ። ደም በመቁጠር ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ልጆቿን ብዙ ባላሰማች ነበር። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ዕለት የበላዔ ሰብእን ታሪክ በአያቶቻችሁ ጉያ ሆናችሁ የሰማችሁት ገና ፊደል ሳትለዩ ነው። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ ያውም የገዛ ቤተሰቡን የበላ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሕመምተኛ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ። የትኛውም የዘመኑ ልብወለድ ከዚህ የከፋ ወንጀል አያመጣም። ሆኖም እዚያ ታሪክ ውስጥ ሚዛን አለ፤ የሞቱት ነፍሳት አንድ በአንድ ተቆጥረው በአንዱ ወገን ይቀመጣሉ። ምሕረቱ የሚያስደነግጠውም እነሱ ከባድ ስለ ሆኑ ነው።

የእኔም መለኪያ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሟቹ በመጽሐፉ ውስጥ ይከብዳል ወይ? እናት አለችው? ያለቀሰለት አለ? ወይስ መርማሪው ብልኅነቱን እንዲያሳይበት የተጋደመ ሬሳ ብቻ ነው? በዘፍጥረት የመጀመሪያው ግድያ ሲፈጸም እግዚአብሔር ቃየንን የጠየቀው «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» ብሎ ነው። ስለ መሣሪያው አንዳች አልተጠየቀም፤ የሟቹ ስምና ወንድምነቱ ግን ተጠርቷል። የአንዳንድ ልብወለድ ደራሲ ደግሞ የቢላዋውን ስለት በሁለት ገጽ ገልጾ የሟቿን ስም ምዕራፉ ሳያልቅ ይረሳዋል። እንዲህ ያለውን ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ አልሰጥም፤ ለራሴም አላነበውም።

ሌላው ፍርዱ በምን መንገድ እንደሚመጣ ነው። ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምንቆጥረውን የሶስናን ታሪክ አንብቡት። ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት መስክረውባት ልትገደል ስትወሰድ ወጣቱ ዳንኤል ምስክሮቹን ለየብቻ አስቀርቦ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» እያለ ጠየቃቸው፤ ሁለቱም የተለያየ ዛፍ ጠሩና ሐሰታቸው ተገለጠ። በዚያው በዳንኤል ስም በሚነበበው የቤል ታሪክም ወለሉ ላይ አመድ ነስንሶ ሌሊት ገብተው ለጣዖቱ የቀረበውን የሚበሉትን ካህናት በእግራቸው ዱካ አስያዛቸው። መርማሪ ማለት ይህ ነው። በእኛ አገር በአንድ ወቅት ሌባሻይ የሚባል ነበር፤ አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በኋላ ታግዷል። ማስረጃ ሳይሰበሰብ በሰው ላይ መፍረድ በሐሰት ከመመስከር እንደማይርቅ በትዕግሥት የሚያሳይ የወንጀል ልብወለድ ካገኛችሁ አንብቡት፤ ከብዙ ደረቅ ስብከት የበለጠ ትማሩበታላችሁ። መርማሪው ራሱ ዳኛም ገዳይም ሆኖ የሚጨበጨብለት ከሆነ ግን፣ ደም መመለስ ገና ባልጠፋበት አገር ያደጋችሁ ናችሁና፣ ለእናንተ ታሪኩ ተረት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አንዳንድ ሰባክያን ይህን ሁሉ በፊልጵስዩስ መልእክት ይዘጉታል፤ «ንጹሕ የሆነውን አስቡ» ተብሏልና የግድያ ታሪክ አታንብቡ ይላሉ። እነሱ የዘለሉት ቃል ግን በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ነው፤ «እውነተኛ የሆነውን» ይላል። ኃጢአትን ያለ ዋጋው የሚያሳይ መጽሐፍ ንጹሕ ቢመስልም እውነተኛ አይደለም። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ሲገባ ይዞት የሄደው የአንዲት በግ ታሪክ ነበር፤ ንጉሡ በታሪኩ ውስጥ ባለው በደለኛ ተቆጥቶ «ይህን ያደረገ ሰው የሞት ልጅ ነው» ባለ ጊዜ «ያ ሰው አንተ ነህ» ተባለ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ገዳዩን ብቻ ሳይሆን በራሳችሁ ውስጥ ያለውን ቂም ካስታወሳችሁ መጽሐፉ ሥራውን ሠርቷል።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ ቁጥር እንድሰጥ የሚጠይቁኝ ወላጆች አሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን እንኳ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ከተጠያቂነት ውጭ አድርጎ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለውን ለብቻው፣ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለውንም በሌላ ድንጋጌ ያያል፤ አሥራ ሦስትና አሥራ ሰባት ዓመት አንድ አይደሉም። ከዕድሜው ይልቅ ግን የልጁን ታሪክ ማወቅ ይበልጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ሬሳ አልፎ የተሰደደ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያደገ ልጅ፣ ለሌላው ጨዋታ የሆነው ገጽ ለእሱ የራሱ ሌሊት ይሆንበታል። እንዲህ ያለ ጓደኛ ካላችሁ «ምርጥ ነው፣ አንብበው» ብላችሁ ከመላካችሁ በፊት እወቁት።

መጻሕፍትን መከልከል እንደማልወድ ከላይ የጻፍኩት ይመስለኛል። ይህን ብዬ ሳለሁ የልጅ ልጄ የወንጀል ትረካ በዩቱብ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ስትተኛ አግኝቻት ስልኳን ወስጄባታለሁ፤ አሁንም አልመለስኩላትም። ስታነቡ ዓይናችሁ ቆም ይላል፣ ገጹን ትዘጋላችሁ፣ ታስባላችሁ። ተራኪው ግን በሙዚቃ እያጀበ እንቅልፍ ወስዷችሁም ይቀጥላል፤ በዚያ ላይ ፍጥነቱን ጨምራችሁ ነው የምትሰሙት። ሰው በሚሞትበት ቦታ እንኳ የማይታገሥ አንባቢ ምን ሊያለቅስ ይችላል?

የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ በቴሌግራም የላከልኝን መጽሐፍ ከግማሽ በላይ አንብቤያለሁ። መርማሪው ሰካራም ነው፤ ነገር ግን ለሟቿ እናት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተሰጥቷታል። እስካሁን ባየሁት ልጁ ቀን ቀን እናቱ እያወቁ እንዲያነበው እፈቅዳለሁ፤ መጨረሻውን ሳላይ ግን ለእናቱ አልደውልም።

እናንተን የምወቅሳችሁ በሌላ ነገር ነው። ልብወለድ ማንበብ ኃጢአት እንዳይሆንባችሁ የምትጠይቁኝ ልጆች፣ በእውነት የተገደለ ሰው ሬሳ ፎቶ በየቻናሉ ሲለቀቅ ያለ ጥያቄ ትቀባበላላችሁ፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት የምታስቀምጡም አላችሁ። ያ ሰው የፈጠራ ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ እናቱ ወይም እኅቱ ፎቶውን በዚያው ስልክ ልታየው ትችላለች። ከእንዲህ ያሉ ቻናሎች ዛሬውኑ ውጡ፤ ስለ ልብወለዱ ከዚያ በኋላ እሑድ መጥታችሁ እንነጋገራለን።