ጥያቄና መልስ፦ ትሬኒንጉ አልቆ ቤቱ ወደ ድሮው ሲመለስ

መላሿ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምመልሰው ሚኒሶታ ውስጥ ግሩፕ ሆም (ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከሠራተኛ ጋር የሚኖሩበት ቤት) ለምትሠሩና ቤት ለከፈታችሁ ነው። ርዕሱ ፖዘቲቭ ሰፖርት ነው፤ ማለትም የእድገት ውስንነት ያለበትን ሰው በቅጣትና በኃይል አካሉን በመያዝ ሳይሆን የባህሪውን ምክንያት ፈልጎ መደገፍ። መጀመሩ አይከብድም። ከዓመት በኋላም ቤቱ ውስጥ እንዲገኝ ማድረግ ነው የሚከብደው። የደንበኛ፣ ማለትም የምትደግፉትን ሰው፣ ስም እንዳትጽፉ።

የማታ ሺፍት፦ እትዬ፣ ስንቀጠር የ8 ሰዓት ትሬኒንግ ወስደን ሁላችንም ወደነው ነበር። አሁን ግን ቤቱ ያው የድሮው ነው። ለምን አይቆይም?

መላሿ፦ ትሬኒንግ ብቻውን ስለማይቆይ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ አትቀየሙኝ። በዚህ ሥራ በብዙ ቦታ በዓመት ከሦስት ሠራተኛ ቢያንስ አንዱ ይለቃል። ስለዚህ ከዓመት በኋላ ቤቱ ውስጥ ያሉት የሰሙና ያልሰሙ ናቸው። አዲሱ ሰው ደግሞ ሥራውን የሚማረው ከፋይል አይደለም፤ አጠገቡ ከሚሠራው ሰው ነው።

አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰውዬ በየቀኑ ሺፍት ሲቀየር ይጮሃል፣ ወንበር ይገለብጣል። ፋይሉ ላይ «ትኩረት ፈላጊ» ተብሎ ተጽፏል። ተቀምጬ አየሁ። ወጪውም ገቢውም ሠራተኛ ኩሽና ይገቡና በአማርኛ ይጫወታሉ። ሰላም ያለው የለም። ቀን ሙሉ አብሮት የዋለው ሰው ጃኬቱን ለብሶ ይወጣል፣ ማን እንደተተካ አልተነገረውም። ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። ገቢው መጀመሪያ እሱ ጋ ሄዶ በስሙ ይጠራዋል፣ ማታ ምን እንደሚሠሩ ይነግረዋል። ወጪው ተሰናብቶት ይወጣል። ወሬው ከዚያ በኋላ። ጩኸቱ በጣም ቀነሰ።

ከዚያ ያንን የጀመረችው ሱፐርቫይዘር ለቀቀች። በሁለት ወር ውስጥ ወንበሩ እንደገና መገልበጥ ጀመረ። ዘዴው እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፣ የቤቱ አልነበረም። አሁን ሰላምታው የሺፍት መለዋወጫ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር ሆኗል። የሳምንቱ ዳታ፣ ማለትም መቼ ምን እንደሆነ የተጻፈው፣ ሐሙስ ለ20 ደቂቃ ይታያል። አዲስ ሰው ሲገባ ነባሩ አጠገቡ ቆሞ ያሳየዋል። ይኸው እስካሁን አለ።

አዲስ ገቢ፦ ደንበኛዬ በጣም ይረብሻል። ምን ላድርግ?

መላሿ፦ «ይረብሻል» ምን ማለት ነው? ይመታል? ይሰድባል? መቼ? ከማን ጋር ሲሆን? ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ከዚያ በኋላስ ምን አገኘ? እነዚህን ለሁለት ሳምንት ጻፍና ተመለስ። ምክንያቱን ሳታውቅ ፕላን አትጻፍ።

ብሩክሊን ፓርክ፦ ስቴቱ ግን ለምን እንዲህ ያጨናንቀናል? ወረቀት ብቻ ሆነ እኮ ሥራው።

መላሿ፦ ወረቀቱ ከየት እንደመጣ እወቁ። ካምብሪጅ በምትባለው ከተማ ስቴቱ ራሱ የሚያስተዳድረው ሜቶ የሚባል ተቋም ነበር። የእድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች እጃቸው በብረት ካቴና፣ እግራቸው በማሰሪያ ይታሰር ነበር። እስር ቤት አይደለም የማወራው፣ ሕክምና የተባለ ቦታ ነው። 2008 ላይ የስቴቱ እንባ ጠባቂ ቢሮ ይህን በሪፖርት አወጣው። 2009 ላይ ወላጆች ከሰሱ። 2011 መጨረሻ ላይ ፌዴራል ፍርድ ቤት ስምምነቱን አጸደቀ፣ ስቴቱም 3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሜቶም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ነው 245ዲ የሚባለው የእንደኛ ዓይነት ቤቶች የፈቃድ ሕግ ከጥር 2014፣ ፖዘቲቭ ሰፖርት ሩል (ደንብ ቁጥር 9544) ደግሞ ከኦገስት 31 ቀን 2015 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋሉት።

እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፣ በሙሉ ልቤ። ግን ሕግ የሚከለክለውን ነው የሚነግራችሁ። በካቴናው ምትክ ምን እንደሚደረግ ቤቱ ራሱ መልመድ አለበት። ስቴት አቀፍ ሥራ የሚሰነጠቀውም እዚህ ጋ ነው። ትሬኒንጉ ይከፈልበታል፤ ቆሞ የሚያሳየው ሰው ሰዓት ግን አይከፈልበትም። ካንሳስ ስቴት በአንድ ወቅት ከዩኒቨርሲቲዋ ጋር ባለሙያ አሠልጥና ሥራቸው በሜዲኬይድ (በመንግሥት የጤና መድን) እንዲከፈል አድርጋ ነበር። ትክክለኛው መንገድ ያ ነው።

የድሮ ሰው፦ ይቅርታ፣ እኛ በቁንጥጫና በበርበሬ ጭስ ነው ያደግነው። ሰው ሆነናል። ትንሽ መቆጣት ምን ይጎዳል?

ሲያትል፦ ወንድሜ፣ አንተ «ራበኝ፣ አመመኝ» ማለት ትችል ነበር። የኔ ደንበኛ አይናገርም። ሲጮህ እየነገረኝ ነው።

የድሮ ሰው፦ ቁንጠጡ አላልኩም። ሥርዓት ይኑር ነው ያልኩት።

የማታ ሺፍት፦ እኔ እስከ ዛሬ የበርበሬ ጭስ ሲሸተኝ ልቤ ይመታል። ሰው የሆንኩት በዚያ አይመስለኝም።

መላሿ፦ በቃ፣ ወደ ርዕሳችን። ሩሉ ማንኛውንም ቅጣት ይከለክላል። መጥፎ ሽታና ውሃ መርጨት ሁሉ በስም ተጠቅሰዋል። ማላገጥና ማስፈራራትም እንደዚሁ። በአማርኛ ብትናገሩትም ያው ነው፤ ድምፃችሁን ይሰማል።

ባለ ሁለት ቤት፦ «ክፍልህን ካላጸዳህ ቡና የለም» ማለት ይቻላል?

መላሿ፦ አይቻልም። ቡናው መብቱ ነው።

ባለ ሁለት ቤት፦ ሽልማት ግን ይፈቀዳል ተብለናል።

መላሿ፦ ተጨማሪ ነገር መስጠት ሌላ፣ ያለውን ነጥቆ «ሠርተህ አግኘው» ማለት ሌላ። ለሽልማት የሰጣችሁትን ነጥብ በጥፋት መቀነስም ክልክል ነው።

አዲስ ገቢ፦ ታዲያ ሰውየውን በእጅ መያዝ መቼ ነው የሚፈቀደው? ቲቪ ሲሰብርስ?

መላሿ፦ ራሱን ወይም ሌላ ሰው አሁኑኑ ሊጎዳ ሲል፣ ሌላ ቀለል ያለ መንገድ ከሌለ ብቻ። ንብረት መስበር ብቻውን አይበቃም። ስድብም፣ «አልሄድም» ማለትም አይበቃም። አደጋው ሲያልፍ ወዲያው ትለቃለህ። በ24 ሰዓት ውስጥ ሕጋዊ አሳዳጊውና ኬዝ ማናጀሩ (የደንበኛውን አገልግሎት የሚከታተለው) ይነገራቸዋል፣ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሪፖርት ታደርጋለህ፣ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ድርጅቱ ራሱን ይገመግማል። በግምገማው «ማን አጠፋ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሠራተኛ መጻፍ ያቆማል፣ ዳታው ይሞታል። «ከዚያ በፊት ምን ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ።

ብሩክሊን ፓርክ፦ ደሞዝ ቢጨመር ሁሉም ይስተካከል ነበር።

መላሿ፦ ይጨመር ባይ ነኝ። ግን ጥሩ ተከፍሎት ማንም ያላሳየው ሠራተኛም ያው ግራ ይጋባል።

ፍሪድሊ፦ መድኃኒቱን ቢጨምሩለት አይረጋጋም?

መላሿ፦ ነርሷንና ሐኪሙን ጠይቁ።

ባለ ሁለት ቤት፦ ውጭ ባለሙያ ለመቅጠር አቅም የለኝም። ከየት ልጀምር? ጥሩ ትሬኒንግ ካለም ጠቁሚኝ።

መላሿ፦ አሁንም ትሬኒንግ? ላይ መልሻለሁ፣ አንብበው። ለባለቤትና ለማናጀር 2 ሰዓት በሕግ ግዴታ ነው፣ ያንን ውሰድ። ከዚያ ከሠራተኞችህ ደንበኞች የሚወዱትን አንዱን ምረጥ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከሺፍት አውጥተህ አዲሶቹን ያሳይ፣ ለዚያም ክፈለው። አንተም የዳታውን ስብሰባ አትቅር። ባለቤቱ ያልመጣበት ስብሰባ በወሩ ይቀራል።

ደግሞ ከባዱ ደንበኛ ላይ ብቻ አትሩጥ። መጀመሪያ ለቤቱ ሁሉ የሚሆነውን አስተካክል፤ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፣ ምርጫ ይኑር፣ ሰላምታ ይኑር። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ልዩ ፕላን የሚፈልገው ጥቂት ሰው ብቻ ነው።

እናት ከበርንስቪል፦ ልጄ 24 ዓመቱ ነው፣ ግሩፕ ሆም ነው ያለው። ሁሉም «ፖዘቲቭ ሰፖርት እንሠራለን» ይሉኛል። እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?

መላሿ፦ እናቴ፣ ሱፐርቫይዘሩን አይጠይቁ። እሱ መልሱን ያውቀዋል። ቅዳሜ ማታ ይሂዱና ቤቱ ውስጥ ከሁሉም አዲስ የሆነውን ሠራተኛ ይጠይቁ፤ «ልጄ የሚበሳጨው መቼ ነው? ያን ጊዜ ምን ታደርጋለህ?» ይበሉት። ሳይደናገር ከነገርዎት ሥራው በሕይወት አለ። «ፋይሉን ልይ» ካለ ለኬዝ ማናጀሩ ይደውሉና ስብሰባ ይጥሩ። የወሩን ዳታም ያሳዩኝ ይበሉ፤ አሳዳጊው እርስዎ ከሆኑ የማየት መብት አለዎት።

የማታ ሺፍት፦ የሺፍት መለዋወጫውን ወረቀት ናሙና ትልኪልናለሽ?

መላሿ፦ ነገ እለጥፈዋለሁ። አንድ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን መስመር እንዳትሰርዙት።