ጉሬዛን ያላነሣ ካሜራ ማዳጋስካር ምን ይሠራል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፤ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ ከተማ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ፤ ኑሮዬም ሠርግና ምረቃ በማንሣት ላይ የቆመ ነው። በቅርቡ አንድ ወዳጄ፣ ሌሙር የተባሉትን እንስሳት በማዳጋስካር ጫካ ውስጥ ለማንሣት በአስጎብኚ የሚመራ የዘጠኝ ቀን ጉዞ መዘጋጀቱን የሚገልጽ ወረቀት ሰጠኝ። በወረቀቱ ላይ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የሆነ ሌሙር በአንዲት ጎብኚ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ሙዝ ሲበላ ይታያል፤ በዘጠኙ ቀን ውስጥ አምስት ጫካዎች እንደሚጎበኙም ይናገራል። ገንዘቡን በሦስት ዓመት አጠራቅሜአለሁ፤ ቀብድ ግን ገና አልከፈልሁም። ባለቤቴ «ዝንጀሮ ለማንሣት ባሕር መሻገር ምን አመጣው?» ትለኛለች። ጉዞው ገንዘቤን ያወጣል ወይ? ምን ዓይነት ሌንስ ልያዝ? መቼስ ብሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልን። የባለቤትዎ ጥያቄ ከሌንሱ ስለሚቀድም ከእርሱ እንጀምር። ሌሙር ዝንጀሮ አይደለም፤ ሰው ወስዶ ከለቀቀባቸው ከኮሞሮስ ደሴቶች በቀርም በዱር የሚገኘው በማዳጋስካር ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቀው፣ ከተመዘገቡት 107 የሌሙር ዝርያዎች 103ቱ የመጥፋት አደጋ የተደቀነባቸው ሲሆኑ 33ቱ ደግሞ በመጥፋት ቋፍ ላይ ናቸው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ኢንድሪ፣ በሕይወት ካሉት ሌሙሮች በትልቅነቱ የሚታወቀው፣ በአጥር ውስጥ መኖር ስለማይችል በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ መካነ እንስሳት አያገኙትም። ስለዚህ ባሕር መሻገሩ ምክንያት አለው ብለው ለባለቤትዎ ሊመልሱላቸው ይችላሉ።

በያዙት ወረቀት ላይ ግን እኔ ብሆን ቀብድ አልከፍልም። ጫካ ውስጥ ያደገ ሌሙር ማንም ሳያባብለው ከማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ አይወጣም፤ ሙዝ እየበላ ትከሻ ላይ የተቀመጠው ለጎብኚ ተብሎ በምግብ የለመደ ነው። እንዲህ ያለው እንስሳ ከሰው በሽታ ይይዛል፣ ምግቡ ሲቀርበት ይናከሳል፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን ሥዕሉን ያየ ሰው ሁሉ እንስሳውን በቤቱ ለማሳደግ መመኘቱ ነው፤ ምኞቱ ደግሞ ግልገሎችን ከጫካ እያጠመዱ የሚሸጡትን ያበረታታል። ድርጅቱ ይህን ሥዕል ማስታወቂያ ካደረገው፣ እርስዎንም ወደዚያው ቦታ ወስዶ «ይኸው ሌሙር» ሊልዎት ነው። ወረቀቱን ለሰጡዎት ሰዎች ሥዕሉ የት እንደተነሣ ይጠይቋቸው፤ የቦታውን ስም ለመናገር የሚያመነታ አስጎብኚ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

አምስት ጫካ በዘጠኝ ቀን የሚለውም አያስኬድም። ኢንድሪ የሚታይበት የአንዳሲቤ ማንታዲያ ብሔራዊ ፓርክ ከዋና ከተማው ከአንታናናሪቮ በስተ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከደብረ ማርቆስ ደጀን ደርሶ እንደመመለስ ማለት ነው። ሆኖም መንገዱ ጠመዝማዛና የጭነት መኪና የሚበዛበት በመሆኑ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ባለ ቀለበት ጅራቶቹን በዱር ለማየት ደግሞ በደቡብ በኩል አምባላቫው ከተባለችው ከተማ አጠገብ ወዳለው፣ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ወደሚጠብቀው የአንጃ ጫካ መሄድ ይቻላል፤ እርሱ ከዋና ከተማው በመኪና ከአንድ ቀን በላይ ነው። እንግዲህ አምስቱን ሁሉ አያለሁ ያለ ሰው ቀኑን በመኪና መስኮት ሲያሳልፍ፣ ኢንድሪ የሚዘምርበት የማለዳ ሰዓት ያመልጠዋል። ያን ድምፅ፣ ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚሰማውን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ሦስት ማለዳ የቆየ ሰው ብቻ ተረጋግቶ ሊሰማውና ሊያነሣው ይችላል። እኔ የምመክርዎ ሁለት ጫካ ነው፤ ቢበዛ ሦስት።

በማዳጋስካር ብሔራዊ ፓርኮች ያለ አካባቢ አስጎብኚ መግባት አይፈቀድም፤ ይህም ለፎቶ አንሺ ጥቅም ነው፤ የመንደሩ ልጅ የትኛው የኢንድሪ ቤተሰብ በየትኛው ኮረብታ እንደሚያድር ያውቃልና። ከመክፈልዎ በፊት በአንድ አስጎብኚ ስንት ሰው እንደሚመደብ፣ የፓርኩ መግቢያና የአስጎብኚው ክፍያ በዋጋው ውስጥ መካተቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ከስድስት ሰው በላይ የሚመድብ ከሆነ እንስሳውን ሳይሆን የሰዎችን ጀርባ ያነሣሉ። በምሽት በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ እንዞራለን ካሉም ይጠርጥሩ፤ የሌሊቶቹ ሌሙሮች የሚታዩት በፓርኩ ዳር በሚያልፈው መንገድ ወይም መንደርተኛው በሚያስተዳድራቸው ጫካዎች ነው እንጂ ፓርኩ ውስጥ በሌሊት መግባት ክልክል ነው።

የአካባቢውን ነዋሪዎች ካከበሩ ብዙ ያስተምሩዎታል። በአንዳሲቤ ዙሪያ ያሉት ቤትሲሚሳራካዎች ኢንድሪን «ባባኮቶ» ብለው የሚጠሩት ሲሆን፣ እርሱን መግደልም መብላትም «ፋዲ» ነው፤ ይህ ቃል እኛ ነውርና ክልክል የምንለውን በአንድነት ይይዛል። የደብር ዛፍ መቁረጥ እንደሚያስቀስፍ እየሰማን ላደግን ለጎጃም ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

አሁን ወደ ካሜራው። ኢንድሪ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሚቀመጠው ጨለም ባለ ደን ውስጥ፣ ከፍ ባለ ዛፍ ላይ፣ ነጭ ሰማይን ከኋላው አድርጎ ነው። ይህን አስቸጋሪ ብርሃን ለመለማመድ አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም። ጉሬዛም እንደዚሁ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በአዊ በኩል በቀሩት የተፈጥሮ ደኖች ይገኛል። የጀርመኑ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ስሙን ከእኛው ቋንቋ ወስዶ ነው «ጉሬዛ» ብሎ የመዘገበው፤ ቆዳውን ምንጣፍ አድርገን የተቀመጥንበትን እንስሳ ዓለም በአማርኛ ስሙ እየጠራው እኛ ቀና ብለን አለማየታችን ያስቆጨኛል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት አራት አምስት ማለዳ ከጉሬዛ ሥር ይቁሙ።

በሙያዎ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሙሽራ ከባለ ነጭ ቬሎዋ ሙሽራ አጠገብ ሲቆም ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ሥዕሉን ሲያበራ የቬሎው ጥልፍ ይጠፋል። ጉሬዛም ክፈፉን ሲሞላ እንደዚያው ነውና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሰው ነጩን ጠጉር ያድኑ። ሰማዩ ከኋላ ሲሰፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው በሰማዩ ተታልሎ እንስሳውን ጥላ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ብርሃኑን አንድ እርከን ያህል መጨመር ይገባል። የሚያነሡትም በሮው ፋይል፣ ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ዓይነት፣ ይሁን፤ በተጨመቀው በጄፔግ ያመለጠ ነጭ አይመለስም። ሌንሱ ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚለጠጥ ከሆነ ይበቃዎታል፤ ለሠርግ የሚይዙት ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 2.8 የሆነው፣ ሰው ለለመዱት የኢንድሪ ቤተሰቦች በቂ ነው፤ ደን ውስጥ ብርሃን ሲያንስም እርሱ ይሻላል። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 3200 ማድረስ አያስፈራዎ። ኢንድሪ ከግንድ ወደ ግንድ እስከ 10 ሜትር ይዘላል፤ ዝላዩን ለመያዝ የመዝጊያው ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሺኛ ማነስ የለበትም። ፍላሽ ቤትዎ ይቅር፤ የሌሊቶቹ ሌሙሮች ዓይን ለጨለማ የተሠራ ነው።

ወቅቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ ያነሰ ነው፤ ባለ ቀለበት ጅራቶቹም ግልገሎቻቸውን አዝለው የሚታዩት በዚያን ጊዜ ነው። ጥርና የካቲት በማዳጋስካር የማዕበልና የጎርፍ ወራት ናቸው፤ ለእርስዎ ደግሞ ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ እንኳን ማዳጋስካር ባሕር ዳርም መሄጃ ጊዜ የለዎትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ አንታናናሪቮ ይበራል። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ለወባ መከላከያውም ሐኪም ያማክሩ። ካሜራና ሌንስዎን ሲወጡ በጉምሩክ ቢያስመዘግቡ ሲመለሱ ከክርክር ይድናሉ።

ጥያቄ፦ በእንጅባራ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ሌሙር በአገራችን ያልኖረው ለምንድን ነው? ዘመድስ የለውም ወይ?

መልስ፦ ተመራማሪዎች እንደሚሉት የሌሙሮች ቅድመ አያቶች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከአፍሪካ በውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ዛፍና ቅጠል ተወስደው ማዳጋስካር ደረሱ፤ ደሴቲቱ ከአህጉሩ የተለየችው ከዚያ ቀደም ብሎ ነበርና ጦጣና ዝንጀሮ አልተከተሏቸውም፤ ሳይነኩ ተባዝተው በብዙ ዝርያ ተከፋፈሉ። ዘመዳቸው ግን በእኛም አገር አለ። ጋላጎ የተባለው፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጠው የሌሊት እንስሳ፣ በቆላው ግራር ላይ ሙጫና ነፍሳት እየበላ ይኖራል። አንተም ወደ ቆላ ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ማታ ከትልልቆች ጋር ወጥተህ ግራሩ ላይ በባትሪ አብራ፤ ሁለት ቀያይ ነጥቦች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘልሉ ካየህ እርሱ ሊሆን ይችላል።