መልስ፦ የቪትዝ ካምቢዮ ያገለገለ ስገዛ ለኔ መኪና የሚሆን መሆኑን በምን ልወቅ?

ወንድሜ የ2006 ቪትዝህ ካምቢዮ ስለሞተ አዳማ ያገለገለ ልግዛ ግን በምን ልለየው ላልከው፣ እባክህ መልኩን ብቻ አይተህ እንዳትገዛ! መጀመሪያ የራስህን ካምቢዮ ኮድ ያዝ፣ ኮፈኑን ስትከፍት ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ወይ በሩ ምሰሶ ላይ የብረት ሰሌዳ አለ፣ ትራንስ አክስል ከሚለው ጎን ያለውን ፎቶ አንሳው።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ለጃፓን የተሰራው ቪትዝ ከ2005 ወዲህ ባብዛኛው ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሰራ አውቶማቲክ) ነው፣ ያሪስ ተብሎ ለአሜሪካና ለዓረብ አገር የወጣው ግን ዩ340ኢ የሚባል ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ነው፣ ቦዲያቸው አንድ ስለሆነ ሻጩም ራሱ "የቪትዝ ነው" ብሎ ይሰጥሃል፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይሰራም፣ ዘይቱም ኮምፒውተሩም ይለያያል። የካምቢዮውን የኤሌክትሪክ ሶኬት ካንተው ጋር አስተያየው፣ ፒኑን ቁጠር።

እኔ አንዴ ኮፓውን (ከካምቢዮው ስር ያለውን የዘይት መያዣ) ሳላስፈታ ገዝቼ ብሬ ቀልጧል፣ ስለዚህ አስፈታ። ኮፓው ውስጥ ያለው ማግኔት ላይ ደቃቅ ግራጫ ጭቃ ካለ ችግር የለውም፣ ስብርባሪ ብረት ካየህ ወይ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተህ ጥለኸው ሂድ፣ ዋጋ ቢቀንሱልህም። ቶርክ ኮንቨርተሩንም (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውን ክብ ዕቃ) አብረው ይስጡህ።