ከታዛው ስር ያለው ተርብ ይቃጠል ወይስ ይተው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከቡሬ አካባቢ ነኝ። ከቤቴ ታዛ ስር፣ ልክ ከበሩ በላይ፣ እንዲሁም በበቆሎ ማሳዬ ዳር ካለው የማገዶ ጎጆ ውስጥ ተርብ ቤት ሰርቷል። ቤቱ እንደ ወረቀት ግራጫ ነው፤ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ቀዳዳዎቹ ይታያሉ። አራት የንብ ቀፎ አለኝ። ንቦቼን ሳይፈጅብኝ በችቦ ላቃጥለው አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ችቦውን ያቆዩት። እርስዎ የገለጹት ተርብ ዋና አደኑ ትል እንጂ ንብ አይደለም። ችግሩ «ተርብ» የምንለው አንድ ስም ጠባያቸው የተለያየ ብዙ ነፍሳትን መያዙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እንለያቸው።

ግራጫ ቤት የሚሰራው የወረቀት ተርብ ቬስፒዴ በሚባለው አስተኔ (የተዛማጅ ነፍሳት ቤተሰብ) ውስጥ ይመደባል። በአፍሪካ ከሚገኙት ወገኖች መካከል ፖሊስቴስ፣ ቤሎኖጋስተርና ሮፓሊዲያ ይጠቀሳሉ። ቤሎኖጋስተር ረዘም ያለ ነው፤ ወገቡ እንደ ክር ቀጥኖ ሆዱ ከጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። የፖሊስቴስ ወገብ አጠር ይላል። የዚህን አስተኔ ተርብ ለመለየት ሲያርፍ ክንፉን ይመልከቱ፦ በርዝመቱ ስለሚያጥፈው ጠባብ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ጭቃ የሚለጥፈውና ሸረሪት የሚያድነው ስኬሊፍሮን ግን ከሌላ አስተኔ ነው፤ እሱን ይተዉት።

ለንብዎ የሚያሰጋው ፊላንቱስ የሚባለው ንብ ነጣቂ ነው። ከወረቀት ተርብ ጋር ዝምድናው ሩቅ ነው። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ቀለሙ ቢጫና ጥቁር ነው፤ የተንጠለጠለ ቤት አይሰራም፤ ገላጣና አሸዋማ መሬት ይቆፍራል። ንቧን ወግቶ ያደነዝዝና ከሆዱ ስር አቅፎ ወደ ጉድጓዱ ያስገባል፤ ለአንድ እጭ (ገና ክንፍ ላላወጣ ልጁ) ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ንብ ያከማቻል። በቀፎዎ አቅራቢያ አፋቸው ላይ ትንሽ የአፈር ክምር ያለባቸው ቀዳዳዎች ካሉ፣ ንብ ያቀፈ ተርብም ሲገባ ካዩ፣ ጠላትዎ እሱ ነው። መሬቱን ቆፍረው ደልድለው ሣር ያልብሱት። የወረቀት ተርብም ቢሆን የተዳከመ ቀፎ ካገኘ ማር ሊቀምስ፣ የሞተ ንብ ሊያነሳ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀፎውን ማጠንከር ነው፦ መግቢያውን ማጥበብ፣ ስንጥቁን በእበት መምረግ።

የወረቀት ተርብ ቤት ከሰም አይደለም። ሴቷ ከደረቀ እንጨትና ከእጽዋት ላይ ጭረት ትፍቃለች፤ ከምራቋ ጋር አላምጣ በስሱ ትዘረጋዋለች። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሬኦሙር ተርብን ተመልክቶ ወረቀት ከእንጨት ሊሰራ እንደሚችል የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1719 ነበር። ቤቱን የሚይዘው አንድ ቀጭን እግር ነው፤ ተርቧም ጉንዳን እንዳይወጣባት ከሆዷ የሚወጣ ፈሳሽ ትቀባዋለች። በየክፍሉ ያሉት እጮች ሥጋ ይፈልጋሉ። ጎልማሶቹ ግን ይበልጡን የሚኖሩት በአበባ ወለላና እጮቹ በሚመልሱላቸው ጣፋጭ ምራቅ ነው። እናም ትል አድነው፣ አላምጠው፣ አድበልብለው ለእጮቹ ያጎርሳሉ። ቤቱ ውስጥ እጭ በበዛ ቁጥር አደኑም ይበዛል።

ይህ ለበቆሎዎ ትልቅ ነገር ነው። በቆሎ የሚያጠፋው ትል፣ መጤ ተምች፣ አገራችን ከገባበት ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ አዳኝ ነፍሳት ውድ ሆነዋል። ሆኖም ተርቡን ብቻ አይመኑ። የጎለመሰው ትል በበቆሎው እምብርት (መሃሉ ላይ ባለው ገና ባልተዘረጋው የቅጠል ጥቅል) ውስጥ ገብቶ በራሱ ኩስ ስለሚደፍነው ተርቡ አይደርስበትም። ተርቡ የሚለቅመው ቅጠል ላይ የወጣውን ነው። ስለዚህ በቆሎው ከበቀለ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳውን በአምስት ቦታ፣ በእያንዳንዱ 20 ተክል ይፈትሹ። የእንቁላል ክምር ካገኙ በጣት ይጨፍልቁ። በቆሎው ገና ለጋ ሳለ ከ100 ተክል 20ው አዲስ ጉዳት ካሳየ ከቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ጋር ተማክረው ይርጩ፤ ርጭቱም ንቦች ከገቡ በኋላ አመሻሹ ላይ፣ ወደ እምብርቱ ብቻ ይሁን። ሳያስፈልግ ማሳውን በሙሉ መርጨት ትሉን ሳይጨርስ ተርቡን ይጨርሳል፤ ይህን ስህተት ደጋግመን ስለምናይ ነው አጥብቀን የምንናገረው።

ስለዚህ የማገዶ ጎጆው ውስጥ ያለውን ይተዉት፤ እንጨቱን ከሌላው ጫፍ ይውሰዱ። በሰሜን ካሮላይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በትምባሆ ማሳ ውስጥ ለፖሊስቴስ መጠለያ ሳጥን ሰቅለው ነበር። እርስዎም ከታች ክፍት የሆነ፣ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሳጥን ሰው በማያልፍበት የማሳ ዳር ቢሰቅሉ ይሞከራል።

ከበሩ በላይ ያለው ግን ልጆች ስለሚያልፉበት ይነሳ። እሳት አይጠቀሙ፤ ጣሪያው ሣር ከሆነ መኖሪያ ቤትዎ ይቃጠላል። ፀረ ተባይም እህል ባለበት ቤት አይርጩ። ጎህ ሳይቀድ፣ ብርድ ሲያደነዝዛቸው ይነሱ። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡ፤ ኬሚካል ባልነካው የእጅ መርጫ ይሙሉ። የንብ ጭንብል፣ ጓንትና ወፍራም ልብስ ይልበሱ። ወደ ብርሃን ስለሚበሩ ባትሪውን ከሰውነትዎ አርቀው መሬት ላይ ያስቀምጡ። ቤቱን ከነተርቦቹ በደንብ ያርሱት፤ ሳሙናው የመተንፈሻ ቀዳዳቸውን ይዘጋል። እንቅስቃሴ ሲቆም በረጅም እንጨት ያውርዱትና እግሩ የተጣበቀበትን ቦታ ፍቀው ያጽዱ። አምልጠው የቀሩ እዚያው እንደገና ሊጀምሩ ስለሚችሉ ከሳምንት በኋላ ይመልከቱ። ገና አንድ ሁለት ተርብ ብቻ እያሉ ከደረሱበት እንጨቱ ብቻውን ይበቃል።

የንብ መውጊያ ሾህ ስላለው ቆዳ ውስጥ ይቀራል፤ የተርብ ግን ስለማይቀር አንዷ ደጋግማ ትወጋለች። ከተወጉ ፈጥነው ይራቁ፤ ቦታውን በሳሙና ያጥቡ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያድርጉበት። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ከዞረ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።